ናሽናልስ መሸጥ ያውቅበታል፤ ማሳደግስ?

ሴፕቴምበር 20፣ 2025፣ ቅዳሜ። እኔና ልጄ ሳሎን ቁጭ ብለናል። የቤዝቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ናሽናልስ ኒውዮርክ ሄዶ ከሜትስ ጋር እየተጫወተ ነው። ለእኛ ቡድን ጨዋታው የሚለውጠው ነገር የለም፣ ሲዝኑ ከእጃችን ከወጣ ቆይቷል። ለሜትስ ግን የሞት ሽረት ነው፣ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ለመግባት እያንዳንዷ ጨዋታ ታስፈልጋቸዋለች። አስራ አንደኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ዴለን ላይል የሚባለው የ22 ዓመት ልጃችን ኳሷን መታና መሮጥ ጀመረ። ኳሷ ከሜዳ አልወጣችም። እሱ ግን አልቆመም። አንደኛውን ቤዝ (ማረፊያ) አለፈ፣ ሁለተኛን አለፈ፣ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ልጄ ሶፋው ላይ ወጥቶ "ሂድ! ሂድ! ሂድ!" ይላል፣ እናቱ ምን ተፈጠረ ብላ ከኩሽና ሮጣ መጣች። ላይል አራቱንም ቤዝ ዞሮ ገባ። 5 ለ 3 አሸነፍን።

ሲዝኑ ሲያልቅ ሜትስና ሲንሲናቲ እኩል 83 ጨዋታ አሸንፈው ተገኙ፣ በእርስ በርስ ውጤት ሲንሲናቲ አለፈ፣ ሜትስ ቀረ። አንዲት ጨዋታ ነች ያጎደለቻቸው። የሁዋን ሶቶ ሜትስ። የእኛ የነበረው ሶቶ።

ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ሲዝኑ አልቆ ብርዱ ገብቶ ዲሴምበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው የዚያ ቀን ደስታ ራሱ የችግራችንን ልክ ያሳያል። የዓመቱ ትልቁ ደስታችን የሌላ ቡድን ሲዝን ማበላሸት ነበር። እኛ ራሳችን 66 አሸንፈን 96 ተሸንፈናል። ዋንጫ ካነሳን ከ2019 ወዲህ አንድም ዓመት ካሸነፍነው በላይ ሳንሸነፍ አልቀረንም። ስድስት ዓመት ተከታታይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በ2025 ዲሴምበር የተጻፈ የአንድ ደጋፊ ሐሳብ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ናሽናልስን የጎዳው ኮከቦቹን መሸጡ አይደለም። በምትካቸው ያመጣቸውን፣ በድራፍት የመረጣቸውንም ልጆች ማሳደግ አለመቻሉ ነው። በዚህ ኦፍሲዝን (በሁለት ሲዝን መካከል ያለው ጊዜ) ሰው ሁሉ "ማንን እንሸጥ? ማንን እንግዛ?" ይላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ቤት ውስጥ ያሉትስ ምን እየሆኑ ነው የሚለው ነው።

ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፣ ካለዚያ ቀሪው አይገባም። እንደ ፕሪሚየር ሊጉ ወራጅ የሚባል ነገር እዚህ የለም። 30 ቡድን አለ፣ በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ መጨረሻ ብትወጣም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነህ። እንዲያውም መሸነፍ ጥቅም አለው፤ በየዓመቱ ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ወጣቶች በሚመረጡበት ድራፍት ላይ ደካማ ቡድኖች ቀድመው ይመርጣሉ። ሁለተኛ ነገር፣ አንድ ተጫዋች ወደ ትልቁ ሊግ ከገባ በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል የቡድኑ ንብረት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመት ደግሞ ደሞዙ ከወለሉ ብዙም አይርቅም፣ ወለሉ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ለእኛ ብዙ ገንዘብ ነው፣ በቤዝቦል ገበያ ግን ርካሽ የሚባለው ይሄ ነው። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ ተጫዋቹ ነጻ ይወጣል፣ ያን ጊዜ በመቶ ሚሊዮኖች ይጠይቃል። ስለዚህ ማሸነፍ ያልቻለ ቡድን ኮከቡን ውሉ ሳያልቅ ይሸጥና በምትኩ ገና ያልበሰሉ፣ ርካሽ፣ ብዙ ዓመት የሚቆዩ ልጆችን ይወስዳል። ሪቢልድ የሚሉት ይህንኑ ነው። ገንዘብ ሳይሆን ሰው በሰው ነው የሚለወጠው።

ናሽናልስ በዚህ ገበያ ላይ አልተኛም። በ2021 ጁላይ ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን በአንድ ላይ ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሰጠ። በ2022 ኦገስት ደግሞ ሶቶን ለሳንዲያጎ። ሶቶ የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት አልፈልግም ብሎ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ልጁ አብዷል አለ። በ2024 መጨረሻ ከሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ፈረመ። ትክክለኛው እሱ ነበር።

ያኔ አንጀቴ ተቃጥሏል። ሶቶን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በልጅነቱ ያመጣነው እኛ ነን፣ በ19 ዓመቱ ትልቁ ሊግ ያስገባነው እኛ ነን፣ ዓለም ዋንጫ በሉት የሚመስለውን ወርልድ ሲሪስ አብረን የበላነው ከእሱ ጋር ነው። ቢሆንም ዛሬ ተረጋግቼ ሳየው ያ ትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) በጣም ጥሩ ትሬድ ነበር። ከሳንዲያጎ ከመጡት ውስጥ ሲጄ ኤብራምስ በ2024 ኦል ስታር (ከዓመቱ ምርጦች አንዱ) ሆነ። መኬንዚ ጎር በ2025 ኦል ስታር ሆነ። ጄምስ ዉድም በ2025 ኦል ስታር ሆነ። ከአንድ ትሬድ ሦስት ኦል ስታር! እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም።

ታዲያ 96 ሽንፈት ከየት መጣ?

መልሱን የሲዝኑ የመጀመሪያ ቀን ነግሮን ነበር። ማርች 27፣ ከፊላደልፊያ ጋር፣ በሜዳችን። ጎር ስድስት ኢኒንግ ወረወረ። 13 ሰው በስትራይክ አውት (ኳሷን ሳይመቱ) አሰናበተ፣ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። እንዲህ ያለ አከፋፈት ስንት ዓመት ይጠበቃል? ከዚያ እሱ ወጣ፣ ቡልፔኑ ገባ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ወርዋሪ በኋላ ጨዋታውን የሚጨርሱት ልጆች፣ እና በአስረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፍን። ዓመቱን ሙሉ ያየነው ይህንኑ ፊልም ነው። ጎር ሲዝኑን 5 አሸንፎ 15 ተሸንፎ ጨረሰ። ያ ቁጥር የእሱ ብቻ አይደለም፣ ከኋላው የቆመው ቤት ባዶ መሆኑን ነው የሚናገረው።

ሦስት ኮከብ ቡድን አይሆንም። አንድ ቡድን 26 ሰው አለው። ሦስቱን በትሬድ ካመጣህ፣ ሌሎቹን ወይ ትገዛለህ ወይ ታሳድጋለህ። ናሽናልስ በቅርብ ዓመታት ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ አልገዛም። ስለዚህ ማሳደግ ነበረበት። እዚያ ላይ ነው የወደቅነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

የናሽናልስ ወርቃማ ዘመን የተሠራው ቤት ውስጥ ነው። በ2009 በአንደኛ ምርጫ ስቲቨን ስትራስበርግ፣ በ2010 በአንደኛ ምርጫ ብራይስ ሃርፐር፣ በ2011 አንተኒ ሬንዶን፣ ቀጥሎ ሶቶ። ከሬንዶን በኋላ ግን ድራፍታችን ደረቀ። በ2012 የተመረጠው ሉካስ ጂዮሊቶ ኦል ስታር የሆነው ከእኛ ተሽጦ ቺካጎ ከሄደ በኋላ ነው። ካርተር ኪቡም ሬንዶንን ይተካል ተብሎ ነበር፣ አልተካም። በ2017 የተመረጠው ከነአካቴው ተሰናበተ። በ2022 አምስተኛ ሆነን ኤላይጃ ግሪንን መረጥን፣ እስካሁን ታችኛው ሊግ ውስጥ ከስትራይክ አውት ጋር እየታገለ ነው። በ2020 የተመረጠው ኬድ ካቫሊ አንድ ጨዋታ ወርውሮ ክንዱ ተበላሸ፣ ቀዶ ጥገና አደረገ፣ ወደ ትልቁ ሊግ የተመለሰው በ2025 ኦገስት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም፣ ካቫሊን በዚህ አልወቅሰውም። ግን በየዓመቱ አንድ ምክንያት ሲኖር ምክንያቱ ራሱ ስርዓቱ መሆኑን መጠርጠር ግድ ነው።

ዲለን ክሩስን እዩት። በ2023 ሁለተኛ ምርጫችን ነው፣ ኮሌጅ እያለ ከአገሩ ምርጥ መቺዎች አንዱ ነበር፣ "ይሄ አያሳፍርም" ተብሎ የመጣ ልጅ ነው። በ2025 ጎኑን ተጎዳና ብዙ ወራት ቀረ፣ ሲጫወትም የመታው .208 ነው። ወደ ዱላው ከመጣበት አምስት ጊዜ አንዱን ብቻ ያህል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ሲሮጥ፣ ኳስ ሲያሳድድ፣ ጎበዝ መሆኑ በዓይን ይታያል። ዱላው ግን ዘግይቶ ይመጣል። ይህን ሳይ ተሰጥኦው ጠፋ አልልም፤ የሚያስተካክለው ሰው ጠፋ ነው የምለው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ዉድ ነው። ጄምስ ዉድ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ፣ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማይርቅ። ሐበሻ ልጆቹን የሚያሳድግበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኳስ የሚያመላልስበት አካባቢ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው፣ ዱላውን ሲይዝ እንጨቱ በእጁ ላይ የወረቀት ጥቅልል ይመስላል። በ2025 ጁን 29 ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ፈርተውት በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ሳይወረውሩለት በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ሸኙት። እንዲህ የተደረገለት የመጨረሻው ሰው በ2004 ባሪ ቦንድስ ነበር። ቤት ሆነን በቴሌቪዥን ነበር የምናየው ያን ቀን። አራተኛው ላይ ልጄ ዞሮ "አባዬ፣ ለምን አይወረውሩለትም?" ሲለኝ "ፈርተውት" አልኩት። እንዴት እንደኮራ!

እስከ ኦል ስታር ዕረፍት (የሲዝኑ አጋማሽ) ድረስ 24 ሆም ራን (አራቱንም ቤዝ የሚያስዞር ምት) መታ። ከዚያ በኋላ ስንት? 7። ሲዝኑን በ31 ሆም ራንና በ221 ስትራይክ አውት ጨረሰ። በታሪክ ትልቁ የዓመት ስትራይክ አውት ቁጥር 223 ነው። ለሁለት ብቻ ነው ያመለጠው።

ሂደቱ ምስጢር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጁ ሁሉንም አስደነገጠ። ወርዋሪዎቹ ቪዲዮውን አዩ፣ ድክመቱን አገኙ፣ ከዚያ ወዲያ እዚያው ላይ ወረወሩበት። ይህ የማንም ወጣት ዕጣ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቡድንህ ምን አደረገ? ጥሩ ቡድን ውስጥ አሰልጣኙ፣ የቪዲዮው ሰው፣ የቁጥሩ ሰው በሳምንት ውስጥ ይቀመጡና መልስ ያዘጋጃሉ። እግሩን እዚህ አድርግ፣ ይቺን ኳስ ተዋት፣ ይቺን ጠብቅ። እኛ ጋ ኦገስት አለፈ፣ ሴፕቴምበር አለፈ፣ ዉድ አሁንም እዚያው ኳስ ላይ ይሰነዝራል። በመካከል ደግሞ ጁላይ 6 ላይ ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተባረሩ። ሁለቱም የ2019ን ዋንጫ ያመጡልን ሰዎች ናቸው፣ ምስጋናዬን አልነፍጋቸውም። ግን የተባረሩበት ምክንያት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ሰው ያመጣ ነበር እንጂ አያሳድግም ነበር።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሉኛል ጓደኞቼ ስናወራ። ልክ ናቸው። ግን እንቁላሉን የሚታቀፍ ዶሮ ካለ ነው። ትዕግስት ብቻውን ማንንም አሳድጎ አያውቅም።

አሁን ወደ አዲሶቹ ሰዎች ልምጣ፣ ተስፋዬ እነሱ ላይ ስለሆነ።

ቡድኑን እንዲመራ የመጣው ፖል ቶቦኒ ነው፣ 35 ዓመቱ፣ ከቦስተን ሬድ ሶክስ። እዚያ ድራፍቱን ይመራ ነበር። በ2022 ሮማን አንቶኒን በ79ኛ ምርጫ አገኙት፣ ዛሬ ልጁ ቤዝቦል ውስጥ ካሉት ወጣት መቺዎች ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። 79ኛ! እኛ በአምስተኛ ያላገኘነውን። አሰልጣኝ ሆኖ የመጣው ደግሞ ብሌክ ቡቴራ ነው፣ 33 ዓመቱ፣ ከ1972 ወዲህ በትልቁ ሊግ እንዲህ ወጣት አሰልጣኝ አልነበረም። የመጣው ከታምፓ ቤይ ነው፣ እዚያ በ25 ዓመቱ የታችኛውን ሊግ ቡድን አሰልጥኗል፣ በኋላም ተጫዋች የማሳደጉን ሥራ በኃላፊነት መርቷል። ታምፓ ቤይ ማለት ገንዘብ የሌለው፣ ግን ሰው የጣለውን ወርዋሪ አንስቶ ዳግም የሚሠራ ቤት ነው። ዕድሜያቸውን አይተው "ሕጻናት አመጡብን" የሚሉ ደጋፊዎች አሉ። ለእኔ ዕድሜያቸው ምንም አይደለም። ሁለቱም የመጡት ከማሳደጊያው ክፍል ነው፣ ስለዚህ ባለቤቶቹ ቢያንስ በሽታውን አውቀውታል ማለት ነው።

የቶቦኒ የመጀመሪያ ትልቅ ትሬድም የሚናገረው ነገር አለ። ዲሴምበር ላይ ሆሴ ፌሬርን፣ ቡልፔናችን ውስጥ ከነበሩት ጥሩዎቹ አንዱን፣ ለሲያትል ሰጥቶ ሃሪ ፎርድ የሚባል የ22 ዓመት ካቸር አመጣ። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ የሚቀበለው ነው፣ የወርዋሪዎቹ ሁሉ ጓደኛና አእምሮ እሱ ነው። ያለን ካቸር ኬበርት ሩዊስ በ2023 የ8 ዓመት 50 ሚሊዮን ውል ተሰጥቶት አላደገም፣ በ2025 ደግሞ ጭንቅላቱን ተመቶ ሲዝኑ ተቋረጠበት። ፎርድ ጥሩ ግዢ ነው። ግን ልብ በሉ፣ አሁንም ወጣት አመጣን። አሁንም ጥያቄው ያው ነው። ሲያትል ያሳደገችው ልጅ እኛ ቤት ሲገባ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?

አንድ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። 96 ጨዋታ ተሸንፈን በሚቀጥለው ድራፍት ላይ ቀድመን አንመርጥም። ድሮ የመጨረሻው ቡድን የመጀመሪያውን ምርጫ ያገኝ ነበር፣ አሁን በዕጣ ሆኗል፣ ዕጣውም ሕግ አለው። ከሌሎች ቡድኖች የገቢ ድጎማ የማይቀበል ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ ዕጣው ውስጥ አይገባም። ዋሽንግተን ትልቅ ገበያ ተብላ ከእነዚያ ውስጥ ናት። ባለፈው ዓመት ዕጣው ወጥቶልን በ2025 አንደኛ መረጥን፣ ኦክላሆማ የሚኖር የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተጫዋች)፣ ኢላይ ዊሊትስ። ስለዚህ በ2026 ዕጣው ውስጥ ስማችን እንኳ የለም። "ብንሸነፍ ችግር የለም፣ ድራፍት እናገኛለን" የሚለው ማጽናኛ በዚህ ዓመት አይሠራም። የተሸነፍነው በከንቱ ነው። ያለን ያለን ነው፣ እሱን ነው የምናሳድገው።

ዊሊትስን ሳስብ ደስም ይለኛል እፈራለሁም። ስንመርጠው የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ የእኛ ቤት ቢሆን ገና ራት ሳይበላ እንዳይወጣ የሚቆጣጠሩት ዕድሜ። በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በአሰልጣኞቹ ነው።

ወደ ጎር ልመለስ። በየቀኑ ስሙ ይነሳል፣ እገሌ ቡድን ጠየቀ፣ እገሌ ይሰጣል። በ2027 መጨረሻ ነጻ ይወጣል፣ ማለትም ሁለት ሲዝን ቀርቶታል። 26 ዓመቱ ነው፣ በግራ እጁ የሚወረውር ነው፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ዓይነት። በሂሳብ ከሄድን ሽጡት ነው መልሱ። በ2026 ዋንጫ አንበላም፣ በ2027ም ከበላን ተአምር ነው። ቆይተን ከሸጥነው ዋጋው ይወርዳል። ሶቶን በጊዜ ስለሸጥን ነው ሦስት ኦል ስታር ያገኘነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ከተሸጠም አልቃወምም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሸርዘር ተሸጠ፣ ሶቶ ተሸጠ፣ አሁን ጎር ቢሸጥ፣ ነገ ኤብራምስ ቢሸጥ፣ ሁልጊዜ "ከሦስት ዓመት በኋላ" የሚባል ቡድን ነው የምንደግፈው። በየጊዜው አዲስ ዘር እንገዛለን፣ ማሳው ግን አልታረሰም፣ አረሙም አልተነቀለም። ጎር በምትኩ አራት ወይ አምስት ልጅ ቢያመጣ፣ ልጆቹም ክሩስ በቆመበት ቦታ ከቆሙ፣ የሸጥነው አንድ ጥሩ ወርዋሪ ነው፣ ያገኘነው ስም ዝርዝር ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ጎርን ከሸጣችሁ፣ በዚያው ኦፍሲዝን ለዉድ ረጅም ውል አቅርቡለት። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉት። ዉድ እስከ 2030 የእኛ ነው፣ ጊዜ አለን የሚል ሰው ይኖራል። ሶቶም ጊዜ ነበረው። ቀድመህ ያላናገርከው ልጅ ነጻ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ብታናግረው 440 ሚሊዮንም አይበቃውም፣ አይተነዋል። ቦስተን ሮማን አንቶኒን ገና ሁለት ወር ሳይጫወት ነው በ8 ዓመት 130 ሚሊዮን ያሰረው፣ ቶቦኒም ያኔ እዚያው ቤት ነበር፣ አሠራሩን ያውቀዋል። አትላንታ ሮናልድ አኩኛን በ2019 በ8 ዓመት 100 ሚሊዮን አሰረ። ዉድ ከኦል ስታር በኋላ ተቸግሯል፣ ልክ ነው፣ ግን ዋጋው የሚቀንሰው አሁን ነው፣ ልጁም "ያምኑብኛል" ብሎ የሚሰማው አሁን ነው። የሰፈሩ ቡድን ነው። ከዚህ የተሻለ ማን ይገኛል?

ገንዘብ የለም የሚለውን አልቀበልም። የለርነር ቤተሰብ ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ነው የገዛው፣ ዛሬ ዋጋው ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው። በ2022 ሊሸጡት እንደሚያስቡ ተናገሩ፣ በ2024 ማርክ ለርነር አንሸጥም አለ። ጥሩ፣ አትሽጡት። ግን ያልተሸጠ ቤት ይታደሳል። እርግጥ የድሮ ዕዳ አለባቸው፤ የሸርዘር የ2015 ውል 210 ሚሊዮን ነበር፣ ግማሹ ለኋላ ተላልፎ እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፈለዋል። ሰውየው ሄዶ ሦስት አራት ቡድን ቀይሯል፣ እኛ አሁንም እንከፍለዋለን። የስትራስበርግም 245 ሚሊዮን ከባድ ነበር፣ ከፈረመ በኋላ 8 ጨዋታ ብቻ ነው መወርወር የቻለው። ለሁለቱም አላዝንም፣ ሁለቱም ዋንጫ አብልተውኛል። ደግሞ ከባልቲሞር ጋር ለዓመታት የተካሰሱበት የቴሌቪዥን ጉዳይ በ2025 ማርች አልቋል፣ ከ2026 ጀምሮ ነጻ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ምክንያት መደርደር አይቻልም።

ይህን ያህል ለምን ትጨነቃለህ ይሉኛል። ቤዝቦልን የተማርኩት ታክሲ ስነዳ በሬዲዮ ነው። እንግሊዝኛዬም ገና ነበር። ማታ ማታ ተሳፋሪ ስጠብቅ የጨዋታው ድምፅ ብቻ ነበር የሚያጫውተኝ፣ ቀስ እያለ ቃላቱ ገቡኝ፣ ከዚያ ስሞቹ፣ ከዚያ ፍቅሩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ሬዲዮውን ሰምተው "የመጨረሻዋ ቀን ሜዳው ውስጥ ነበርኩ" አሉኝ። የ1971ን ነው። ዋሽንግተን ሴናተርስ የሚባለው ቡድን ወደ ቴክሳስ ሊሄድ የመጨረሻ ጨዋታውን ከያንኪስ ጋር ሲጫወት፣ እየመራም ነበር፣ ሕዝቡ ሜዳ ገብቶ ሣሩን ነቀለ፣ ጨዋታው ተቋረጠና በፎርፌ ተሸነፉ። ከዚያ በፊትም በ1960 መጨረሻ ሌላ ሴናተርስ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ነበር። ይህች ከተማ ሁለት ቡድን አጥታ 33 ዓመት ያለ ቤዝቦል ኖራለች፣ በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን ናሽናልስ ተብሎ እስኪመጣ። ሽማግሌው ሲወርዱ "ያሳደግከውን ልጅ ሌላ ሰው ሲወስድብህ እንዲያ ነው" አሉኝ።

የድሮው ግሪፊዝ ስታዲየም ዛሬ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ከዘጠነኛና ዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። ክትፎ በልቼ ስወጣ ሁልጊዜ ወደዚያ አያለሁ። በ1924 ዋሽንግተን ዋንጫ የበላችው እዚያ ነው፣ ጆሽ ጊብሰንም ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱበት ዘመን ከሆምስቴድ ግሬይስ ጋር ኳሱን የሚያስወነጭፈው እዚያ ነበር። ይህ ቡድን የእንግዳ ነገር አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ጥላ አለ። የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት በ2026 ዲሴምበር 1 ያበቃል። ካልተስማሙ በሩ ይዘጋል፣ 2027 ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ባለቤቶች "እስኪጣራ እንጠብቅ" ብለው ኪሳቸውን እንዳይቆልፉ እፈራለሁ። ዶጀርስ አልጠበቁም፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ዋንጫውን ወስደዋል።

በ2026 ስንት ጨዋታ እንደምናሸንፍ ብትጠይቁኝ ብዙም አልጨነቅበትም። 70 ይሁን 75 ይሁን። በ2019ም እስከ ሜይ 23 ድረስ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር ዋንጫ የበላነው፣ ቁጥር በሜይ ብዙ አይናገርም። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ዌስት ፓልም ቢች ልምምድ ይጀመራል፣ የልምምድ ሜዳውን የምንጋራው በ2019 ካሸነፍናቸው ከአስትሮስ ጋር ነው። እዚያ የማየው የክሩስን እጆች ነው። ዱላው ቀድሞ ይመጣል ወይ? ዉድን አያለሁ፣ ከፍ ብላ የምትመጣዋን ፈጣን ኳስ ይተዋታል ወይስ እንደገና ይሰነዝራል? ካቫሊ በሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ክንዱን ይነካካል ወይ? ላይልን አያለሁ። እሱ በ2021 በሁለተኛው ዙር የተመረጠ የራሳችን ልጅ ነው፣ ክንዱን ቀዶ ጥገና አድርጎ ተመልሶ .299 የመታ፣ ሜትስን ከቤት ያስቀረ። ላይልን ማሳደግ ከቻልን ሌሎቹን የማንችልበት ምክንያት የለም። ልጄ ለአዲሱ ሲዝን አዲስ ደብተር ገዝቷል፣ የዉድን ስትራይክ አውት በየጨዋታው ሊጽፍ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ደብተሩን አይቼ ቶቦኒና ቡቴራ ሥራቸውን ጀምረው እንደሆነ አውቃለሁ።